12 እህል ሲቆጠር ሁለት ነው

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 6 ወር ሊሞላው ሲል ሰው አግኝታ 8 ብልቃጥ የተፈጨ ፍራፍሬ ላከችልኝ። ክዳኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበት “ኦርጋኒክ” ይላል። ያው መንገደኛ ሲመለስ ደግሞ ለእሷ ልጅ 3 ኪሎ ምጥን፣ ማለትም ለሕፃን ገንፎና አጥሚት የሚሆን የተቀላቀለ የእህል ዱቄት፣ ይዞላት ሄደ። በአንድ ሻንጣ እኔ የእሷን ሀገር ምግብ አስመጣሁ፣ እሷ የእኔን አስወሰደች። ሁለታችንም ለልጃችን “ንጹሑን” እየፈለግን ነበር።

ምጥኑን ያዘጋጀችው እማዬ ናት። ሦስት ቀን ፈጀባት። ለቀመች፣ አጠበች፣ ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ አመሰች፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ጠበቀች። ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ። በጣቷ ቆጠረቻቸው፤ 12። ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ አየችና “የእኔ እንኳ 15 ነበር” አለች። የእማዬ ፊት ቅጭም አለ። ማታ “ተልባና ሱፍ ቢገባበትስ?” ስትል ሰማኋት።

ይህን የምጽፈው በዚያ ቁጥር ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሕፃን ምግብ ሲቆጥሩ እህል አይቆጥሩም፤ የሚቆጥሩት ምድብ ነው። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 ምድቦች ቢያንስ 5ቱን ማግኘት አለበት ይላሉ። የጡት ወተት ራሱን ችሎ አንድ ነው። ከዚያ እህልና ሥራ ሥር አለ። ጥራጥሬ፣ ለውዝና እንደ ተልባ ያለ የቅባት እህል አንድ ላይ አለ። ወተትና እርጎ፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል አለ። እንደ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎና ጎመን ያሉ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ አሉ። የመጨረሻው ሌላው አትክልትና ፍራፍሬ ነው።

እንግዲህ የእማዬን 12 እንቁጠረው። ከገብስ እስከ ሩዝ ሰባቱ አንድ ምድብ ናቸው። ከሽምብራ እስከ ለውዝ አምስቱ ሌላ ምድብ ናቸው። በቃ፣ ሁለት። ጡት ሲጨመር ሦስት። ተልባም ሱፍም ቢገባ ከሁለት ፈቀቅ አይልም። የጎረቤታችንም 15 ሁለት ነው።

ምጥንን ላጣጥል አይደለም። እህልና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲፈጩ የአንዱን ፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል። ስንቶቻችንን ያሳደገው፣ ስሙ ራሱ የሕፃን ምግብ ሁሉ መጠሪያ የሆነው ፋፋም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ከማንም ሳይማሩ ነው። ችግሩ ምጥኑ ሲገባ ሌላው ሁሉ የተሟላ መምሰሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት በዓይነትም በቀን በሚበሉት ጊዜ ብዛትም በቂ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2019ኙ ጥናት ደግሞ ከ5 ዓመት በታች ካሉት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ድህነት አለ፣ ድርቅ አለ፣ ጦርነት አለ። ግን የቀነጨረ ልጅ የሚገኘው ጎተራው ባዶ በሆነ ቤት ብቻ አይደለም።

ወደ ብልቃጦቹ ልመለስ። አንዱን ከፍቼ ጀርባውን አነበብኩ። ፖም። ሌላው ፖምና ፒር። ሦስተኛው ፖምና ሙዝ። ኦርጋኒክ ነው፣ እሺ፣ ግን ፖም ነው። በምድብ ቢቆጠር ስምንቱም አንድ ናቸው።

ደግሞ ኦርጋኒክ ማለት የተረሳ ትርጉም አለው። ማህተሙ የሚናገረው እህሉ ወይም ፍሬው ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መብቀሉን ነው። አፈሩ ውስጥ ስላለው ነገር አይናገርም። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ያወጣው ሪፖርት በታሸጉ የሕፃናት ምግቦች ውስጥ አርሴኒክ፣ እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ መገኘቱን አጋለጠ። ኦርጋኒክ የተባሉትም አላመለጡም። እነዚህ ከባድ ብረቶች የሚመጡት ከአፈርና ከውሃ ነዋ።

እኛም ከዚህ አናመልጥም። “የሀገር ቤት ነው፣ ትኩስ ነው” ብለን የምንገዛው ቆስጣና ጎመን አንዳንዱ የሚለማው የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ በሚወርድበት በአቃቂ ወንዝ ውሃ ነው። ተመራማሪዎች በነዚህ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ከባድ ብረት ማግኘታቸውን ከጻፉ ዓመታት አለፉ። እኔ ባለ ጉልቷን “ከየት ነው?” ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ሳቀችብኝ፣ አሁን ሳልጠይቃት ትነግረኛለች። ስለ ኦርጋኒክ ግብርና በ1998 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ እንኳ አለን። ግን ማህተሙን የሚያገኘው በአብዛኛው ወደ ውጭ የሚላከው ቡናና ሰሊጥ ነው፤ ጉሊት ላይ ያለ ጎመን ማህተም የለውም።

“ተፈጥሯዊ” የሚለው ቃልም ያሞኛል። ማር ተፈጥሯዊ ነው፣ ግን ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ለውዝም ተፈጥሯዊ ነው። እርጥበት ነክቶት ከሻገተ ግን አፍላቶክሲን ይይዛል፣ ይህ መርዝ ደግሞ በመቁላት አይጠፋም። ለምጥን የሚገዛ ለውዝ አንድ በአንድ መለቀም አለበት። እማዬ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ የተጨማደደችውንና ጥቁር ነጥብ ያለባትን ሁሉ ትጥላለች።

ከውጭ የሚመጣው የሕፃን ምግብ ቆርቆሮስ? በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ፐብሊክ አይ የተባለ የስዊዘርላንድ ድርጅት ኔስሌ የሚሸጠውን ሴሪላክ በየሀገሩ አስመርምሮ ነበር። ለ6 ወር ሕፃን የተዘጋጀው የስንዴ ሴሪላክ ጀርመንና እንግሊዝ ሲሸጥ የተጨመረ ስኳር አልነበረውም። ኢትዮጵያ የሚሸጠው በአንድ ጊዜ ምግብ ከ5 ግራም በላይ ስኳር ተገኘበት። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ይበልጣል። ኩባንያው በየሀገሩ ሕግ እንደሚሠራና ስኳሩን እየቀነሰ እንደሆነ መለሰ። እኔን ያናደደኝ “በየሀገሩ ሕግ” የምትለዋ ናት። እንግዲያው ሕጉን የሚያጠብቅ የእኛ ሰው የት አለ? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለ6 ወር ሕፃን በተዘጋጀ ምግብ ላይ ስኳር መጨመርን ጨርሶ መከልከል አለበት ባይ ነኝ። ለጊዜው ግን ቆርቆሮውን ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ የኛ የወላጆች ሥራ ነው።

አሁን ወደ ድስቱ። የእኛ ቤት ሁለተኛው ጥፋት መቅጠን ነው። አጥሚቱ በጡጦ ጡት ቀዳዳ እንዲያልፍ ተብሎ ይቀጥናል። ልጁ ይጠግባል፤ የጠገበው ግን ውሃ ነው። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ለሌላ ቦታ አይቀረውም። የሚመከረው ማንኪያ ሲገለበጥ ቶሎ የማይፈስ ገንፎ ነው።

“ሲወፍር ይተፋዋል” ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የእኔም ተፋው፤ ግድግዳው እስካሁን ይመሰክራል። መፍትሔው ብቅል ነው። ብቅል ሲባል ጠላ ብቻ ነው የሚታየን። የበቀለ እህል ግን ስታርችን የሚሰብር ኢንዛይም አለው። ወፍራሙ ገንፎ ትንሽ በረድ ሲል ግማሽ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጣል አድርጎ ማማሰል ነው። ዓይናችሁ እያየ ይላላል፣ ውሃ ሳይጨመርበት። ከዚያ መልሶ ማፍላት። እማዬ መጀመሪያ ስታይ “ልጁን ልታሰክሪው ነው?” ብላኝ ነበር። አያሰክርም፤ አልተጠነሰሰም።

ትልቁ ጉድለታችን ግን ከእንስሳት የሚገኘው ነው። ልጅ ሲወለድ ይዞት የመጣው ብረት 6 ወር ገደማ ላይ ይሟጠጣል። የጡት ወተት ብዙ ነገር አለው፣ ብረቱ ግን ትንሽ ነው። ጤፍ ብረት አለው ይባላል፤ አለው፣ ነገር ግን እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ጨብጦ ይይዘዋል። በቀላሉ ወደ ደም የሚገባው የሥጋና የጉበት ብረት ነው። ተቀቅላ የላመች አንዲት ቁራጭ የዶሮ ጉበት ገንፎ ውስጥ ስትገባ አትታወቅም። እንቁላልም በደንብ ተቀቅሎ እንዲሁ ገንፎው ውስጥ ይገባል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ለብዙ ሰው ጉበት ቀርቶ እንቁላሉም ሕልም ነው፤ ይህን ምክር ለዚያ ሰው ልሰጥ አልደፍርም። የምናገረው በየወሩ ቆርቆሮ ለምንገዛው ነው። በዚያ ገንዘብ ስንት እንቁላል እንደሚመጣ አስሉት።

እኛ ቤት ግን ዋጋው አልነበረም ችግሩ። ልጄ ምግብ የጀመረው ሁዳዴ ላይ ነው። ልጅ አይጾምም፤ 7 ዓመት ሳይሞላው ግዴታ እንደሌለበት ማንም ቄስ ይነግራችኋል። ድስቱ ግን ይጾማል። ማማሰያው፣ ቢላው፣ ማንኪያው ይጾማል። እንቁላል የነካ ዕቃ ከጾሙ ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ሲባል እንቁላሉ ጭራሽ ቤት አይገባም። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ሳይቆጠር። ከ6 ወር እስከ 8 ወር ያለው ጊዜ እንዲሁ በምጥን ያልፋል።

ከእማዬ ጋር አልተከራከርኩም። ከመርካቶ አንዲት ትንሽ ድስት ከነማንኪያዋ ገዛሁ። እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አሰርኩና ከሌላው ዕቃ ለይቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት። ሁለት ሳምንት እኔ ነበርኩ የምሠራበት። አንድ ቀን ከሥራ ሲያመሽብኝ ቤት ገባሁና ኩሽና ውስጥ እማዬን አገኘኋት። ሽታው እንዳይደርሳት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በባለ ቀይ ክሩ ማንኪያ እንቁላል እየፈጨች ነበር። ለልጁ አበላችው። ከዚያ እጇን ሁለቴ በሳሙና ታጥባ የራሷን ሽሮ ጣደች።