ካቦ ይቅር ወይስ ይቆይ?

የክርክሩ ርዕስ «በባሕር ዳር ግንባታዎች የቀን ሠራተኛ የሚያቀርብ ካቦ ይታገድ» የሚል ነው። ተከራካሪዎቹ አንዲት የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃና አንድ ካቦ ናቸው።

ጠበቃዋ፦ ይታገድ። ከደጋ ዳሞትና ከቢቡኝ ገጠር የመጣ ልጅ ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ ካቦ ይረከበዋል። እጁ በሲሚንቶ እስኪላጥ አርማታ በባሬላ ሲያመላልስ ይሰነብታል። ቅዳሜ ሲከፈለው ግን የካቦው ድርሻ ተቆርጦ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ እንኳ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል ይላል። ለኤጀንሲ ያልተፈቀደው ለካቦ ከየት መጣ?

ካቦው፦ እህቴ፣ መናኸሪያ የምቀበላቸው ሌላ የሚቀበላቸው ስለሌለ ነው። ኮንትራክተሩ ማታ ይደውላል፤ «ነገ ሶሌታ (የፎቁን ወለል) እንሞላለን፣ ሃያ ሰው ይዘህ ና» ይላል። ሌሊቱን ሰው ስፈልግ አድራለሁ። ማደሪያም እፈልግላቸዋለሁ፤ ክፍያ ሲዘገይ የእራት የማበድራቸው እኔ ነኝ። እኔም ከባሬላ ነው የተነሳሁት። እንደ ቤተሰብ የያዝኳቸውን ልጆች ዘራፊ መባል ያማል።

ጠበቃዋ፦ ዘራፊ አላልኩም። ቤተሰብ ያሉት ልጅ ከእርብራብ ቢወድቅ ማን ያሳክመዋል? ኮንትራክተሩ «የካቦው ሰው ነው» ይላል። ካቦው «አሠሪው እሱ ነው» ይላል። ቤተሰብ ከሆነ ስሙ የት ተጽፏል?

ካቦው፦ ደብተሬ ላይ! ማን እንደገባ፣ ማን እንደቀረ በየቀኑ ምልክት አደርጋለሁ። አንዱ ኮንትራክተር «አልሠራችሁም» ብሎ ሲክደን ገንዘባቸውን ያስወጣው ያ ደብተር ነው። ደጁ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ ጠበቃ አላየሁም።

ጠበቃዋ፦ ደብተሩ በእርስዎ ኪስ ነው። በልጁ እጅ ምን አለ? ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ወረቀት እንዲሰጠው ሕጉ ያዛል። ወረቀት የለም ተብሎም መብቱ አይቀርበትም። ቤተሰብዎ ይህን ያውቃል? ነግረውታል?

ካቦው፦ ያን ወረቀት የጠየቀ ልጅ በማግስቱ አይጠራም። ዝም ያልነው ፈርተን ነው። ግዴታው የኮንትራክተሩ ከሆነ እሱን አስገድጂ። ሁሌ ጩኸቱ በእኔ ላይ ነው።

ጠበቃዋ፦ እንግዲያው ደብተርዎን ይዘው ይምጡና ይመስክሩ፤ ሁለታችንም እሱን እንጠይቅ። ከእርብራብ ስለሚወድቀው ልጅ ግን እስካሁን አልመለሱልኝም።

ካቦው፦ ደብተሩን አመጣለሁ። ከመሰከርኩ በኋላ ግን ማንም አይደውልልኝም። እነዚያን ልጆች በማግስቱ ማን ሥራ እንደሚያስገባቸው መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ።