ክርክር፦ ጀልባ ላይ የተመደበ ጓደኛ ወይስ የራስ ተጠባባቂ አየር?

የክርክሩ ሐሳብ፦ ልምድ ያለው የስኩባ ጠላቂ፣ ጀልባ ላይ ከሚመደብለት የማያውቀው ሰው ጋር ተጣምሮ ከሚወርድ የራሱን ተጠባባቂ አየር ይዞ ብቻውን ቢወርድ ይሻላል።

ደጋፊ፦ ከስሌቱ ልጀምር። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ 4 ባር ነው፤ ከውሃ ውጭ ካለው አራት እጥፍ። ከውሃ ውጭ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያ 80 ሊትር ይጨርሳል። ሲደነግጥ ደግሞ 20ው በቀላሉ 30 ይሆናል። አንዱ አየር አልቆበት ሁለቱም ከአንድ ሲሊንደር እየተነፈሱ ይወጣሉ እንበል። ለመረጋጋትና ለመያያዝ አንድ ደቂቃ፣ ለሁለቱ (2 × 30 × 4) 240 ሊትር። በደቂቃ 9 ሜትር እየወጡ 5 ሜትር ለመድረስ 460 ሊትር ገደማ። እዚያ ለደኅንነት ለሚደረገው የ3 ደቂቃ ቆይታ 270፣ ለቀረችው 5 ሜትር 40። ድምሩ ከ1000 ሊትር አለፈ፤ በባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 85 ባር ያህል ነው። ጀልባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው “50 ባር ሲቀራችሁ መውጣት ጀምሩ” ነው። 50 ባር 600 ሊትር ብቻ ነው። ጓደኛው አጠገብዎ ቢሆን እንኳ ለሁለት የሚበቃ አየር የለውም ማለት ነው።

ጎን ላይ የምትታሰር፣ የራሷ ሬጉሌተር (አየሩን ወደ አፍ የሚያደርስ መተንፈሻ) ያላት ባለ 3 ሊትር ሲሊንደር ግን በ200 ባር 600 ሊትር ትይዛለች። ያው መንገድ ለአንድ ሰው 505 ሊትር ገደማ ስለሚፈጅ ትበቃለች። (85 ሊትር ገደማ የምትይዘዋን በእጅ የምትያዝ ጠርሙስ እዚህ አላስገባም፤ 30 ሜትር ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ አትቆይም።)

ተቃዋሚ፦ ወዳጄ፣ ስሌትዎ ትክክል ነው። ያረጋገጠው ግን 50 ባር ለ30 ሜትር እንደማይበቃ እንጂ ጓደኛ እንደማያስፈልግ አይደለም። ጥንዶቹ ከመውረዳቸው በፊት “ከሁለታችን አንዳችን 90 ባር ስንደርስ ሁለታችንም እንወጣለን” ብለው ቢስማሙ ችግሩ ተፈታ።

ደግሞ የሚገድለው የአየር ማለቅ ብቻ አይደለም። ልብ ውሃ ውስጥ ሊከዳ ይችላል፤ በመጥለቅ ሳቢያ ሳንባ ፈሳሽ ሊሞላ ይችላል። 32 በመቶ ኦክስጅን ያለው ናይትሮክስ (ኦክስጅኑ ከተራ አየር የበዛ ድብልቅ) ይዞ ከ34 ሜትር በታች የወረደ ሰው የኦክስጅኑ ግፊት 1.4 ባር ያልፍበታል፤ ከዚያ በላይ እየጨመረ በሄደ ቁጥር የመንፈራገጥ አደጋው ያድጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ጎኑ ላይ ያለችው ሲሊንደር ምን ታደርግለታለች? ሬጉሌተሩን አፉ ላይ ደግፎ ወደ ላይ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው። ጥልቀት ላይ በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲያሰክርም የሰከረው ራሱ አያውቀውም። ምልክት ሲሰጡት ዘግይቶ የሚመልሰውን የሚታዘበው ጓደኛው ነው።

ደጋፊ፦ ጓደኛው የሚያይ ከሆነ ነው! ካሜራ ይዞ ኮራል ሥር የተደፋ ሰው ምን ያያል? አየር ማለቁ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ትንፋሽ ካስወጡ በኋላ ለመሳብ ሲሞክሩ ነው፤ ሳንባው ባዶ ነው። በባዶ ሳንባ 10 ሜትር ቀዝፎ፣ የሰውየውን ትከሻ ነካ አድርጎ፣ ተጠባባቂውን መተንፈሻ ፈልጎ ማግኘት አይታሰብም። ጓደኛ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ ከራቀ ለዚህ ጉዳይ የለም ብለው ይቁጠሩት።

ደካማ ጓደኛ ደግሞ ራሱ አደጋ ይሆናል። የደነገጠ ሰው ቢጫውን ተጠባባቂ መተንፈሻ አይፈልግም፤ አፍዎ ላይ ያለውን ይነጥቃል። ብቻን መጥለቅም የእብደት ሥራ አይደለም። የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት የሆነው ኤስዲአይ ለዚሁ የተዘጋጀ ኮርስ አለው፤ 21 ዓመት የሞላውና 100 ጊዜ የጠለቀ ሰው ይወስደዋል። ሌላው አሠልጣኝ ድርጅት ፓዲም ራስን የመቻል ኮርስ ይሰጣል።

ተቃዋሚ፦ ይነጥቃል ካሉ መሣሪያው ለዚያ ይዘጋጅ። አፍ ላይ ያለውን ሬጉሌተር በ2.1 ሜትር ቱቦ ያድርጉት፤ ተጠባባቂው በላስቲክ አንገት ላይ ይንጠልጠል። ሲነጠቁ አገጭዎ ሥር ያለውን ይጎርሳሉ፣ ያበቃል።

የማያውቁት ጓደኛም ቢሆን ጀልባ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቢሰጡት የሚታወቅ ይሆናል። የክብደት ኪሱ እንዴት እንደሚለቀቅ በእጅዎ ይንኩ፤ የጃኬት አሠራር ይለያያልና ማየት ብቻ አይበቃም። የግፊት መለኪያውን እያየ አራት ጊዜ በረጅሙ ይተንፍስ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ መርፌው ወርዶ ከተመለሰ ቫልቩ በደንብ አልተከፈተም፤ ላይ ሳለ ምንም አይሰማውም፣ ጥልቀት ሲጨምር ግን አየሩ ያጥረዋል። ማን እንደሚመራ፣ ማን በየትኛው ጎን እንደሚሆን ይወስኑ። ጎን ለጎን ይዋኙ፤ ከኋላ የሚከተል ሰው ከጠፋ መሪው የሚያውቀው ዞር ሲል ነው። ከተጠፋፉ አንድ ደቂቃ ዙሪያውን ፈልገው ይውጡ፣ ላይ ይገናኙ። እንደወረዱም 5 ሜትር ላይ አየር መካፈልን አንድ ጊዜ ይለማመዱ።

ደጋፊ፦ ያ የመጨረሻው ቢደረግ ግማሹን መንገድ እመጣለሁ። ግን ልምምዱ ላይ ቢንደፋደፍስ? ለ30 ሜትር የከፈለ ሰው እዚያው ይመለሳል?

ተቃዋሚ፦ አይመለስ፤ ዕቅዱ ግን ወደ 12 ሜትር ይቀየራል፣ ካሜራውም ጀልባ ላይ ይቀራል። በዚህ ከማይስማማ ሰው ጋር አይውረዱ።

ደጋፊ፦ 12 ሜትርም ላይ ባለ 3 ሊትሯን ይዤ ነው የምወርደው።

ተቃዋሚ፦ ይያዟት። ግን የሬጉሌተሯ ቱቦ ከዋናው የተለየ ቀለም ይኑረው፤ ካልሆነ ሳያውቁ ከላይ ጀምሮ ከእሷ ሲተነፍሱ ቆይተው የምትፈለግበት ሰዓት ላይ ባዶ ትሆናለች። ቫልቧ የት እንዳለና ወደየት እንደሚከፈትም ከመውረድዎ በፊት ለጓደኛዎ ያሳዩት።