ለክቡር /ዩኤስአር/ኢንክሉድ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ካልተጠሩበት ኮምፓይል እንዲወጡልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ የላፕቶፓችን የሄደር ፋይሎች (ኮምፓይለር የሚያነባቸው የላይብረሪ መግለጫዎች) ፎልደር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እርስዎ እስኪገቡብን ድረስ ደህና ነበርን።

እንደሚያውቁት ላፕቶፓችን ባለ64 ቢት ኢንቴል ነው፤ ፌዶራ ሊኑክስ ተጭኖበታል። ፕሮግራሙ የሚሄደው ግን ባለ32 ቢት አርም ፕሮሰሰር ወዳለው ትንሽ ቦርድ ነው። ለዚሁ ብለን የቦርዱን ሄደር ፋይሎች የያዘ ሲስሩት የሚባል ፎልደር አዘጋጅተን ለክሮስ ኮምፓይለሩ፣ ላፕቶፑ ላይ ሆኖ ለቦርዱ ኮምፓይል ለሚያደርገው፣ ሰጠነው። እርስዎን የጠራ የለም። እርስዎ ግን ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

ማን እንዳስገባዎት ደርሰንበታል። አንድ የላይብረሪ ጸሐፊ ሜክፋይሉ (የኮምፓይል ትእዛዞች የሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ «-አይ»፣ ማለትም «ሄደር እዚህም ፈልግ»፣ ብሎ አድራሻዎን ጽፎልዎታል። በ«-አይ» የመጣ ከሲስተም ሄደሮች ሁሉ ቀድሞ ይፈተሻል፤ ወረፋ የለበትም። የሚገርመው፣ ያ መስመር ጸሐፊው ማሽን ላይ ምንም አይሠራም። እዚያ እርስዎ የቤት ልጅ ስለሆኑ ጂሲሲ፣ ኮምፓይለሩ፣ «-አይ»ውን እንዳላየ ያልፈዋል። ለክሮስ ኮምፓይለሩ ግን እንግዳ ነዎት፤ እንግዳ ደግሞ ከፊት ይቀመጣል። ስለዚህ ሰውየው «እኔ ጋ ይሠራል» ሲል አይዋሽም። ይበልጥ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

አንዴ ከገቡ በኋላ «ስታብስ-32.ኤች የት አለ?» ብለው የባለ32 ቢት ኢንቴል ሄደር እየጠየቁ ያፋጥጡናል። አርም ምን ሊያደርግለት? ለእርስዎ ግን ባለ64 ቢት ኢንቴል ያልሆነ ሁሉ ባለ32 ቢት ኢንቴል ነው። ኤረሩን ጎግል ያደረገ ምስኪን ደግሞ «ባለ32 ቢቱን የጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ፓኬጅ ጫን» ይባላል። ይጭናል። ኤረሩ ይጠፋል። እርስዎም ተደላድለው ይቀመጣሉ።

ለነገሩ ኤረር ሲሰጡን ይሻላል። የምንፈራዎት ዝም ሲሉ ነው። አንዳንድ ላይብረሪ ላፕቶፑ ላይ ሲጫን «ሎንግ (የቁጥር ዓይነት ነው) 8 ባይት ነው» ብሎ እርስዎ ጋ ባለው ሄደሩ ላይ ይጽፋል። የእኛ ቦርድ ላይ ሎንግ 4 ባይት ናት። ኮምፓይሉ ያልፋል፣ ሊንኩም ያልፋል፤ ቦርዱ ላይ ሲደርስ ሴግፎልት፣ ፕሮግራሙ ይወድቃል!

አሁን ግን በካፒታሉ «-ኤች» የጂሲሲ ትእዛዝ ሰላይ ቀጥረናል፤ ጂሲሲ የከፈተውን ሄደር ሁሉ አንድ በአንድ ይነግረናል። ለትንንሽ ቦርዶች ሊኑክስ የሚያዘጋጁት ዮክቶና ቢልድሩትማ ኮምፓይለራቸው ስምዎን ሲያይ «ለክሮስ ኮምፓይል አደገኛ ነው» ብሎ እንዲጮህ አድርገዋል። ዝናዎ እንዲህ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ላይብረሪ የት እንዳለ ለሚነግረው ለፒኬጂ-ኮንፊግ፣ ከሲስሩቱ ውጭ ያለ አድራሻ ማደሉን እንዲያቆም
ለሜክፋይሉ ጸሐፊ፣ «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ መልስ እንዳይጽፍ