መለያው መሬት ላይ ተዘርግቶ አይተን አለፍን

ወገኖቼ፣ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለደሴ ሰው፣ ለኮምቦልቻ ሰው፣ ለወልዲያ ሰው፣ ለሐይቅና ለመርሳ ሰው። የከተማዬንም የክለቡንም ስም አልጠራም። ስም ብጠራ ሌላው "እፎይ፣ እኛ አይደለንም" ብሎ ያልፋል። ማንም እንዲያልፍ አልፈልግም።

ስለፈረሰው የእግር ኳስ ክለባችን ሲጠየቅ ሰው ሁሉ አንድ መልስ አለው። "ጦርነቱ ነው ያፈረሰው" ይላል። ውሸት ነው። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የገባው በ2014 ነው። ክለባችን የሞተው በ2011 ነው። ጦርነቱ ብዙ ወስዶብናል፤ የወሰደብንን ቆጥረን አንጨርሰውም። ይሄን ግን አልወሰደም። ይሄን የገደልነው እኛ ነን። ጥይት ሳይጮህ፣ ገበያው ሞልቶ፣ ሰርጉ ደምቆ ሳለ።

እስቲ ያን ቀን ላስታውሳችሁ። እሑድ ግንቦት 4 ቀን 2011። ክርስቲያኑ ሃምሳ ላይ ነበር፤ ሙስሊሙ የረመዳን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ። ክለቡ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊጉ በሜዳው የመጨረሻ ጨዋታውን የሚያደርግበት ቀን ነው። የመጨረሻ መሆኑን በይፋ የተናገረ የለም። ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ልጆቹ ደመወዝ ካዩ አምስት ወር አልፏቸዋል። ካምፑ የኪራይ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ኪራይ ሲዘገይበት ውሃውን ዘጋባቸው። አንድ ቀን ልምምድ ሠርተው ሁለት ቀን ይተዋሉ። በባዶ ሆድ አይሮጥማ።

ሃያ ሦስት ነበሩ። የወሎ ልጆች ሰባት ቢሆኑ ነው። ሌሎቹ ከአርባ ምንጭ፣ ከሶዶ፣ ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። እንግዶቻችን ነበሩ። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ጨዋታው 8 ሰዓት ላይ ተጀመረ። እኔ የገባሁት በሁለተኛው አጋማሽ ነው፤ በሩ በነጻ ሲከፈት ጠብቄ። ሁለት መቶ ሰው አይሞላም። አንድ ተቀይሮ የገባ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ከማዕዘን የተሻማ ኳስ በጭንቅላቱ አገባ። ወደ ጥላ ፎቁ እየሮጠ መጣ። እጁን ዘርግቶ መጣ። ጥላ ፎቁ ላይ የሚጮህለት አልነበረም። ሩጫውን ቀነስ አደረገና ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። አምስት ወር ሳይከፈላቸው 1 ለ 0 አሸነፉልን።

ከጨዋታው በኋላ ሰርቪስ ጠበቁ። አልመጣም። ሹፌሩ "ያለፈው ካልተከፈለኝ አልንቀሳቀስም" ብሏል። የቦርዱ ሰዎች በኋለኛው በር ወጥተው ሄደዋል። ልጆቹ ልብስ ቀየሩ፤ ቦርሳቸውን አነገቱና በእግራቸው ወደ ዋናው በር መጡ። አምበሉ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። መለያውን ከቦርሳው አወጣ። ላቡ ገና አልደረቀም። አራገፈውና አስፋልቱ ዳር ዘረጋው፤ የከተማችን ስም የተጻፈበት ደረቱ ወደ ላይ ሆኖ። ከጎኑ ቆመ። ምንም አላለም። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጥተው ከኋላው ቆሙ። በረኛው ብቻ፣ በቀስታ፣ "የመሳፈሪያ ነው" አለ።

ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። "የመሳፈሪያ ነው።"

ሰው ምን አደረገ? ስልኩን አወጣ። አንዱ ከመለያው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሰልፊ ተነሳ። ሌላው "ሽልማታችሁ ነው" ብሎ የአንድ ብር ሳንቲም ወረወረ። ሳንቲሙ መለያው ላይ አላረፈም። ተንከባሎ በረኛው እግር ሥር ቆመ። በረኛው ወደ ታች አየው፤ አላነሳውም። የሳቁ ነበሩ። ፊታቸውን አውቀዋለሁ። ጎረቤቶቼ ናቸው። ለቅሶ ላይ አብረን የምንቀመጥ፣ ቡና የምንጠራራ ሰዎች ነን።

እኔስ?

ኪሴ ውስጥ ሦስት መቶ ብር ነበረኝ። አንዱን ልጅ አዲስ አበባ ያደርሰው ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ ለ11 አምስት ጉዳይ። በ11 የእንግሊዝ ሊግ የመጨረሻ ቀን ጨዋታ ይጀምራል። ሲቲና ሊቨርፑል በአንድ ነጥብ ተበላልጠው ለዋንጫ የተያያዙበት ቀን ነው። ከአምበሉ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳልጋጠም አንገቴን ደፋሁ። መንገዱን ተሻግሬ በወዲያኛው ዳር አለፍኩ። ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። መቀመጫ እንኳ በግድ ነው ያገኘሁት፤ ከተማው በሙሉ እዚያ ነበር። ሲቲ ብራይተንን 4 ለ 1 አሸነፈ። ሊቨርፑል ዎልቭስን 2 ለ 0። ሲቲ በ98 ነጥብ ዋንጫውን በላ፤ ሊቨርፑል በ97 ቀረ። ይሄን ሁሉ ዛሬም በቃሌ እላለሁ። የእኛን ጎል ያገባውን ልጅ ስም ግን ሰው ጠይቄ ነው ያወቅሁት።

እንግዲህ ሳንቲም ከወረወረው ሰው በምን እሻላለሁ? እሱ ቢያንስ አይቷቸዋል። እኔ አላየሁም ብዬ ነው ያለፍኩት።

ቀሪውን የነገረችኝ ከበሩ ፊት ለፊት ምግብ ቤት ያላቸው እናት ልጅ ናት። ልጆቹ ለወራት በዱቤ ይበሉ የነበረው እሳቸው ዘንድ ነው። ገንዘባቸው ተይዞባቸዋል፤ ከማንም በላይ የመናደድ መብት ነበራቸው። እሳቸው ግን ከቤት ወጡ። መለያውን ከመሬት አነሱት። በነጠላቸው ጠረጉት። "ይሄ የአገር ስም አለበት፤ መሬት አይጣልም" አሉ። ከዚያ "አብሽሩ ልጆቼ፣ ግቡ። አዛን ሊል ነው። እንግዳ ደጄ ላይ ቆሞ እኔ አላፈጥርም" አሏቸው። ሃያ ሦስቱም ገቡ። ጦመኞቹ ጥቂት ነበሩ። ግን አዛን እስኪል አንዳቸውም ምግቡን አልነካም አለች ልጅቷ። ቴምሩና ሾርባው ፊታቸው ቀርቦ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳይቀምሱ፣ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ። የእኛን ሥርዓት አከበሩልን። እኛ መንገድ ተሻግረን ያለፍናቸው ልጆች።

ቀሪዎቹን ጨዋታዎች አልሄዱም። ፎርፌ እየተሰጠባቸው አለቀ። ክረምቱ ሲገባ ክለቡ የለም።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። እኛ ማን ነን የምንለው? አዲስ አበባ ሄደን፣ ውጭ አገር ሄደን፣ "ወሎ የፍቅር አገር ነው" እንላለን። "ወሎ እንግዳ ይወዳል" እንላለን። በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን አለ፣ ወዳጃው ላይ፣ የዱዓ ስብሰባው ላይ፣ ማንም ይቀመጣል፣ መንገደኛ ሳይበላ አያልፍም እያልን እናወራለን። እውነት ነበር። አያቶቻችን ኖረውታል። እኛ ግን ወሬውን ወርሰን ሥራውን ጣልነው። ደረታቸው ላይ ስማችንን ጽፈው የሚሮጡ እንግዶች በራችን ላይ ቆመው መሳፈሪያ ሲለምኑ ፎቶ አነሳናቸው። ከዚያ በኋላ "እንግዳ ተቀባይ" የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ይተናነቀኛል።

"ገንዘቡ የከተማው ነው፣ ምን እናድርግ" እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ የኛ አገር ክለብ አብዛኛው በከተማ አስተዳደር በጀት ነው የሚኖረው። በጀቱ ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፤ ሹም ሲቀየር ክለቡ ይረሳል። ተጫዋቹ ለፌዴሬሽን ከሶ ቢፈረድለት እንኳ፣ ክለቡ ከፈረሰ ውሳኔው ወረቀት ላይ ይቀራል። ጥፋተኞች አሉ፤ የፈረሙም፣ ያልከፈሉም፣ በኋለኛው በር የወጡም። ግን ሁለት መቶ ሰው የማይገባበትን ሜዳ የትኛው ሹም ይፈራዋል? እኛ በሩ ላይ ብንሞላ ኖሮ ያን በጀት ደፍሮ የሚያጥፍ አልነበረም። ባዶ አድርገን ሰጠናቸው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። በሪ የሚባል የእንግሊዝ ክለብ አለ፤ ትንሽ ከተማ ነው፣ በ1885 እንደ ፈረንጆቹ የተመሠረተ። የበሪ ተጫዋቾችም እንደ እኛዎቹ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ነበር ዓመቱን የጨረሱት፤ እንዲያውም ወደ ላይኛው ሊግ አድገው። አዲሱ የውድድር ዓመት ሲጀምር ክለቡ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሲል ደጋፊው መጥረጊያ ይዞ ወደ ስታዲየሙ መጣ። ሽማግሌ፣ ሴት፣ ሕፃን። ለሚቀጥለው ጨዋታ ሜዳው ንጹሕ ሆኖ ይጠብቅ ብለው ወንበር ወለወሉ። በዚያው ማታ ሊጉ ክለቡን አባረረው። እኔ ዜናውን እያየሁ እንባዬ መጣ። ለበሪ አለቀስኩ! እኛ ሜዳ አጠገብ በየቀኑ እያለፍኩ፣ አጥሩ ላይ የተሰጣ ልብስ እያየሁ፣ አንድም ቀን እንባ ያልወጣኝ ሰውዬ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው መጥረጊያ ይዞ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ክለቡ ይተርፍ ነበር አልልም። በሪም አልተረፈም። ልጆቹ ግን ብቻቸውን እንዳልነበሩ ያውቁ ነበር።

ጎንደርንም እዩ። የዳሸን ቢራ ክለብ በ2008 ከኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ወርዶ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ግን ፋሲል ከነማ አደገ፤ ሰዉ ሜዳውን ሞላለት፤ በ2013 ዋንጫውን በላ። እኛስ? ወልዲያ ላይ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም በ2009 ተመረቀ። ቡድኑ በ2010 ወረደ። ድንጋዩማ ቆሟል።

አሁን ነገሩ ከፍቷል። ከ2013 ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ነው የሚካሄደው። እሑድ ከቤት ወጥቶ፣ ቆሎ ይዞ፣ የራስን ቡድን በራስ ሜዳ ማየት ብርቅ ሆኗል። እኛ ግን ያኔ ነበረን። በየሁለት ሳምንቱ ደጃችን ድረስ ይመጣ ነበር።

ባለፈው ወር እኚያን እናት ላያቸው ሄድኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሩን ሸሽቼ ነው የኖርኩት። ድፍረት ሰብስቤ ገባሁ። "እማማ፣ የዚያን ጊዜ የልጆቹ ዱቤ ስንት ነበር? የድርሻዬን ልክፈል" አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። ከመደርደሪያው ላይ ደብተር አወረዱ። ጠርዙ በዘይት የቆሸሸ ባለ መስመር ደብተር። ሃያ ሦስት ስም አለበት፤ በየስሙ ሥር ፍርፍር፣ ሽሮ፣ ሻይ፣ ዳቦ እየተባለ በእርሳስ ተጽፏል። የአምበሉ ስም ሥር አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብር ይላል። ላዩ ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል።

"ልኮልኛል" አሉ። "ከሁለት ዓመት በኋላ። በባንክ። ደውሎ ይቅርታ ዘገየሁ አለኝ።"

ገጹን ገለጡ። ሌላ ስም፣ ቀይ መስመር። ሌላ፣ ቀይ መስመር። በረኛውም። ጎል ያገባው ልጅም። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት። ደመወዛቸውን የበላንባቸው ልጆች የበሉትን ዱቤ ከያሉበት ከፍለዋል። የተቀሩትን ዘጠኙን እኔ ልክፈል ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አላሉኝም። "ይልካሉ" አሉ። "አንተ የነሱን ክፈላቸው።"

እናም እላችኋለሁ፣ የነሱን እንክፈላቸው። የአምስት ወር የሃያ ሦስት ልጅ ደመወዝ ለአንድ ከተማ ሕዝብ ምኑ ነው? ለሰርግ እንዋጣለን፣ ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን እንዋጣለን፣ ለእድር እንዋጣለን። ለዚህም መዋጣት እንችላለን። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ እንደምትተዉት አውቃለሁ። እኔም ስድስት ዓመት ትቼዋለሁ። ደክሞናል፤ ብዙ ቀብረናል፤ ከኳስ የሚበልጥ ስንት ችግር አለብን። ይገባኛል። ግን አንድ ሰው ቢመጣ ሁለት እንሆናለን።

የአምበሉ ስልክ ቁጥር ደብተሩ ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር። እናትየው በወረቀት ገልብጠው ሰጡኝ። ኪሴ ውስጥ ነው። ይሄን ጽፌ ስጨርስ እደውልለታለሁ። ምን እንደምለው ገና አላወቅሁም።