ውሃው ሐምራዊ ቢሆንስ?

ለገና ባዛር አክስቴን አጅቤ ወጥቼ ነበር። ጨጓራቸው ካስቸገራቸው ዓመታት ስለተቆጠሩ «ለጨጓራ ፍቱን ነው» የሚል ድምፅ ከየትም ይምጣ ከጆሯቸው አያመልጥም። አንዱ ዳስ ጋ ስንደርስ ቆሙ። ወጣቱ ሻጭ ሦስት ብርጭቆ ደርድሯል፦ በአንዱ የታሸገ ውሃ፣ በአንዱ የቧንቧ፣ በሦስተኛው ውሃን አጣርቶ «አልካላይን» ያደርጋል ከሚባል ነጭ ጆግ የተቀዳ። ከትንሽ ብልቃጥ ሁለት ሁለት ጠብታ ጣል ጣል አደረገባቸው። የታሸገው ቢጫ ሆነ፣ የቧንቧው አረንጓዴ፣ የጆጉ ደግሞ ደማቅ ሐምራዊ። «እማማ፣ ቢጫው አሲድ ነው። ሆድዎን የሚበላው ይኼ ነው» አላቸው። አክስቴ ዞር ብለው ገላመጡኝ፤ የታሸገ ውሃ እየገዛሁ የማመላልስላቸው እኔ ነኝ።

ጆጉ ተገዛ። ብልቃጧ ምራቂ ሆና መጣች።

ማታ ወጥ ቤት ገብቼ የራሴን ባዛር ከፈትኩ። በቧንቧ ውሃ ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩ፤ ጠብታው ሰማያዊ ሆነ። ከምድጃ አመድ ዘግኜ በጥብጬ፣ አጥልዬ ሞከርኩ፤ ከሻጩ ብርጭቆ የባሰ ሐምራዊ ወጣው። ዕቃ የምንፈትግበት አመድ! ከዚያ አክስቴ ምግብ ሲከብዳቸው የሚጠጡትን አምቦ ውሃ ቀዳሁ። ቢጫ። ያው ጋዝ ያለው ውሃ ወደ አሲድ ማዘንበሉ አይቀርም። ለሆዳቸው ብለው ስንት ዘመን የጠጡት ውሃ በሻጩ ሚዛን መርዝ ሆኖ አረፈው።

ጠብታዋ አልዋሸችም። የምትለካው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፒኤች የሚባለውን። መለኪያው ከ0 እስከ 14 ይሄዳል፣ 7 መሐሉ ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን። ውሃው ውስጥ ተሕዋስያን ይኑሩ፣ እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ይኑር፣ ፍሎራይድ ይኑር አትናገርም። የእኔ ቅሬታም እዚህ ላይ ነው፤ ጆግ የሚገዛ ሰው ሁሉ ዓይኑን ቀለሙ ላይ ተክሎ፣ ውሃው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ይገባል።

አልካላይን ውሃ እንደ ብርቅ በሚሸጥበት አገር፣ ከሞጆ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆ ብንወርድ ተፈጥሮ በነጻ ታድለዋለች። የሻላና የአቢጃታ ሐይቆች ፒኤች ወደ 10 ይጠጋል። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃም በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያዘግም ቆይቶ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አልካላይን ነው፤ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፣ ካልሲየም ያንሰዋል። ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞ ይዘቅጥ ነበር፤ ስለሌለ ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ እንደሟሟ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። የናዝሬትና የወንጂ ልጅ በበለዘ ጥርሱ ይታወቃል ሲባል የምንሰማው ለዚህ ነው። ጥርሱ እንኳ ቀላሉ ነው፤ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ዕድሜያቸውን የገፉ ሠራተኞች አከርካሪያቸው ደርቆ መታጠፍ እስኪያቅታቸው ድረስ አጥንታቸው ተጎድቷል።

እንግዲህ ባቱ ወይም መቂ ያለ ዘመድ «ጆግ ልግዛ ወይ?» ብሎ ቢደውልልኝ ምን ልበለው? የተለመደው ጆግ ውስጥ ያለው የተዘጋጀ ከሰልና ማግኒዥየም፣ ካልሲየም የሚለቁ ድቡልቡል ጠጠሮች ናቸው። ከሰሉ ክሎሪንና ሽታ ይይዛል፤ ፍሎራይድን ግን ያሳልፋል። ፍሎራይድ የሚቀንሰው በአጥንት ከሰል፣ በአክቲቬትድ አሉሚና ወይም ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባለው ማጣሪያ ነው። አሉሚናው ደግሞ በደንብ የሚሠራው ውሃው ወደ አሲድ ሲያዘነብል ስለሆነ፣ አልካላይንነቱ ራሱ እንቅፋት ነው። ለዚያ ሰው ሐምራዊው ጠብታ የምሥራች ሳይሆን «ውሃህን አስመርምር» የሚል ምልክት ነው።

የአዲስ አበባ ችግር ሌላ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሲመጣ ሮቶ ይሞላል፣ ጀሪካን ይሞላል፣ ከዚያ ቀናት ይቀመጣል። ከማጣሪያ ጣቢያው በደህና የወጣ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በመስመሩ ላይ፣ በሮቶውና በጀሪካኑ፣ እጅ ገብቶበት ነው። ጆጉ ተሕዋስያን አይገድልም። እንዲያውም ውሃውን የሚጠብቀውን ክሎሪን ከሰሉ ስለሚወስድበት፣ ተጣርቶ በሞቀ ክፍል የዋለ ውሃ ካልተጣራው ቶሎ ሊበላሽ ይችላል። አክስቴ ለጥንቃቄ ብለው ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ የሚጨምሩት በጆጉ ካሳለፉት በኋላ ነበር። ያ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፒኤች ከ8 ሲያልፍ የክሎሪን ጉልበት ይደክማል። መጀመሪያ ጀሪካኑ ላይ በመመሪያው መሠረት መጨመር፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያ ጆግ ካማራችሁ በጆጉ ማሳለፍ። ያኔ ከሰሉ የክሎሪኑን ሽታ ይወስድላችኋል፤ ሥራውም ይኸው ነው።

ስለ ጨጓራው ደግሞ። የጨጓራ አሲድ ፒኤች ከ1.5 እስከ 3.5 ነው፤ ምግብ የሚፈጨው፣ ብዙ ተሕዋስያን የሚሞቱት በእሱ ነው። አንድ ብርጭቆ አልካላይን ውሃ ቢገባበት ትንሽ ቆይቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ደማችንን ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ መሥመር ላይ የሚይዙት ሳንባና ኩላሊት ናቸው፤ የጆግ እርዳታ አልጠየቁም። አሲድ ይጎዳል ከተባለማ ኮምጣጣ እንጀራ በቀን ሦስቴ የሚበላ ሕዝብ እስካሁን አይተርፍም ነበር! ለሻጮቹ ፍትሐዊ ልሁን፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የላቦራቶሪ ጥናት ፒኤቹ 8.8 የሆነ ውሃ ፔፕሲን የተባለውን የጨጓራ ኢንዛይም እንደሚያዳክም አሳይቷል፤ ቃር ወደ ጉሮሮ ለሚወጣበት ሰው ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው። ግን በሰው ሆድ ውስጥ የታየ አይደለም። «ካንሰር ይከላከላል» የሚለው ግን ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጥናቶቹን ሰብስበው የመረመሩ ባለሙያዎች ይህን የሚደግፍ ማስረጃ አላገኙም።

በእኛ አገር የጨጓራ ሕመም ሲባል ብዙ ጊዜ ከጀርባው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለች ባክቴሪያ አለች። በአሲድ ውስጥ የምትኖረው አሞኒያ እያመረተች ዙሪያዋን አልካላይን አድርጋ ነው። አልካላይን ማድረጉንስ ከሻጩ ይልቅ እሷ ታውቅበታለች።

ጆግ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ውሃው ሲጣፍጥ ሰው ብዙ ይጠጣል፣ ይህም ጥቅም ነው። ስትገዙ ግን «እስከ 9.5 ያደርሳል» የሚለውን እለፉትና መለዋወጫ ፊልተሩ እዚህ አገር እንደሚገኝ ጠይቁ። ብዙዎቹ ፊልተሮች ወደ 150 ሊትር ገደማ ካጣሩ በኋላ ይቀየሩ ይባላል፤ በቀን አምስት ሊትር ለሚጠጣ ቤተሰብ አንድ ወር ነው። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ጆግ ፊልተሩ አልቆ እንደ ጌጥ ቡፌ ላይ ተቀምጦ ያየሁበት ቤት አንድ ሁለት አይደለም፤ የባሰው ደግሞ በዚያው በሞተ ፊልተር ማጣራቱን የሚቀጥለው ነው። ክዳኑ የሚገጥም፣ አፉ እጅ አስገብቶ ለማጠብ የሚመች ይሁን። ኩላሊቱን የሚታመም ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ማዕድን የሚጨምር ጆግ ከመግዛት በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

አሜሪካ ላላችሁ ዘመዶቼ ጥያቄው የእርሳስ ነው። ብዙዎቻችሁ በምትኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2000 የውሃ ማከሚያው ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ሲቀየር በአሮጌዎቹ ቧንቧዎች ውስጥ የነበረው እርሳስ ወደ ውሃው መሟሟት ጀመረ፤ ነገሩ በይፋ የታወቀው እስከ 2004 ቆይቶ ነው። እዚያ ጆግ ስትመርጡ ካርቶኑ ላይ ኤንኤስኤፍ (NSF) የተባለውን የማጣሪያ ደረጃ አውጪ ድርጅት ቁጥር ፈልጉ። 42 ማለት ጣዕምና ሽታን፣ 53 ማለት ጤናን የሚመለከት ነው፤ ከ53 ጎን «እርሳስ» ተብሎ በስም መጠቀሱንም አረጋግጡ። «አልካላይን» የሚለው ጽሑፍ ምንም ቢደምቅ ይህን አይተካም።

አክስቴ በመጨረሻ ክሊኒክ ሄዱ። ባክቴሪያዋ ተገኘችባቸው፣ የ14 ቀን መድኃኒት ታዘዘላቸው፣ እየተነጫነጩ ጨረሱት፤ ሌሊት መተኛት ጀምረዋል። ጆጉ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ፊልተሩ የገባበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፌ ለጥፌበታለሁ። ብልቃጧን ግን ደብቀውብኛል። እንግዳ ሲመጣ ያወጧትና ሁለት ጠብታ ጣል አድርገው «አየሽ ቀለሙን?» ይላሉ።