ሰላም ያልተሰማቸው ብፁዓን ናቸው

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ዕቃ ሊያግዘኝ ተቀጣጥረን ነበር። ቤት እየቀየርኩ ነው። ቁም ሳጥን አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ አራተኛ ፎቅ አለ። አሳንሰር የለም። ጠዋት ላይ መልእክት ላከልኝ። «ወንድሜ፣ ጸለይኩበት። ለመምጣት ሰላም አልተሰማኝም።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው «ወገቤን አሞኛል» ቢል «እግዜር ይማርህ» ይባላል። «እንቅልፍ ጣለኝ» ቢል ይሰደባል፣ ከዚያ ይታረቃል። «ሰላም አልተሰማኝም» ያለን ሰው ግን ምን ይሉታል? ከማን ጋር ሊከራከሩ ነው? ይግባኝ እንኳ የለውም።

ስለዚህ ማማረሩን ትቼ ዛሬ ላመሰግን ነው። በዕለት ተዕለት ኑሮ የእግዚአብሔርን ድምፅ መስማት የለመዱ፣ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ የማንንም ድምፅ መስማት ያቆሙ ወገኖቻችን ምስጋና ይገባቸዋል። ታውቋቸዋላችሁ። «ጌታ ተናገረኝ» ይላሉ። «ምሪት አለኝ» ይላሉ። ዕቃ ማንሳት ሲመጣ ደግሞ ሰላም ያጣሉ።

መጀመሪያ የሚደንቀኝ ፍጥነታቸው ነው። ኢየሩሳሌም ከፈረሰች በኋላ የተረፈው ሕዝብ ኤርምያስን «የምንሄድበትን መንገድ እንዲያሳየን ጸልይልን» ብሎ ለመነው። መልሱ የመጣው ከ10 ቀን በኋላ ነው። 10 ቀን ሙሉ ነቢዩ ይጠብቃል፣ ሰው በፍርሃት ይንቀጠቀጣል። የእኛዎቹ እኮ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ይደርሳቸዋል። በነገራችን ላይ ያ ሕዝብ ወደ ግብፅ ለመሰደድ አስቀድሞ ልቡን ቆርጦ ነበር። መልሱ «አትሂዱ፣ እዚሁ ተቀመጡ» ሆኖ ሲመጣ ኤርምያስን «ሐሰት ተናግረሃል» አሉትና ሄዱ። እሱንም ይዘውት። አያችሁ፣ እነዚያ ኋላ ቀር ነበሩ። ነቢይ ባይጠይቁ ኖሮ መልሱን ራሳቸው ሰምተው በሰላም ይሄዱ ነበር።

ሁለተኛው የጆሯቸው ጥራት ነው። ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ሲጠራ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ወደ ዔሊ ሮጧል። የጠራው ማን እንደሆነ ለመለየት ሽማግሌ አስፈልጎታል። የእኛዎቹ ሽማግሌ አያስፈልጋቸውም። ደግሞ ሳሙኤል የሰማው መልእክት ባሳደገው ሰው ቤት ላይ የወረደ ፍርድ ስለነበር ለመናገር ፈርቶ እስኪነጋ ድረስ ተኛ። የእኛዎቹ ስለ ሌላ ሰው የተላከ ነገር ከያዙ የሚነጋላቸው አይመስልም። በእኩለ ሌሊት ይደውላሉ። «ስለ አንተ አንድ ነገር ታይቶኛል።» ሁልጊዜ ስለ አንተ ነው። «ሚስቴ አንቺ እንደሆንሽ ተነግሮኛል» የሚለውም ጎረምሳ የዚሁ ወገን ነው። ለእሷ ያልተነገራት ለምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልተገለጠለትም።

ከሁሉ የምወደው ባለ መኪናውን ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም።

ሰውየው አዲስ መኪና አማረው። ያለው መኪና ሲነዱት ይሄዳል፣ ሲይዙት ይቆማል፣ ምንም አልጎደለውም። ግን አማረው። ተራ ሰው ቢሆን «አማረኝ» ብሎ ይገዛ ነበር። እሱ መንፈሳዊ ነውና «ጌታ መኪና በልቤ አስቀመጠ» አለ። ከዚያ ምልክት ጠየቀ። ጌዴዎን የበግ ጠጉር ዘርግቶ አንድ ሌሊት ጠጉሩ ብቻ ጤዛ እንዲነካው፣ በሌላው ሌሊት ደግሞ ጠጉሩ ደርቆ ምድሩ እንዲረጥብ ለምኗል። የእኛ ሰው ነገሩን ቀለል አደረገው። «ፈቃድህ ከሆነ ዛሬ መንገድ ላይ ብርማ መኪና አሳየኝ» አለ። ታየው። እስከ ምሳ ሰዓት ቁጥሩ ጠፋበት።

ማረጋገጫ ደግሞ ያስፈልጋል። ዓይኑን ጨፍኖ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ። እገሌ እገሌን ወለደ የሚለው ወጣ። ይሄ አይቆጠርም። ደግሞ ገለጠ። የለምጽ ሕግ ወጣ። ይሄ ጠላት ነው። በሦስተኛው መዝሙር 20 ላይ አረፈ፦ «እነዚያ በሰረገላ እነዚያም በፈረስ ይታመናሉ»። ሰረገላ! አለቀሰ። ቃሉ «እኛ ግን በአምላካችን በእግዚአብሔር ስም» እያለ እንደሚቀጥል አላየም። እንባው ጋርዶት ይሆናል።

ሚስቱ ተቃወመች። የልጆቹ ትምህርት ቤት አልተከፈለም አለች። ይህም አስቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ «የቅርብ ሰው ይቃወምሃል» ተብሏል። ስለዚህ ተቃውሞዋ ራሱ ማረጋገጫ ሆነ። ብትስማማም ማረጋገጫ ይሆን ነበር። ባንኩ ብድር ከለከለው። የእምነት ፈተና ነው። ሌላ ባንክ ፈቀደለት። የተከፈተ በር ነው። ሻጩ ጋ ሲደርስ ብርማው አልቆ ጥቁር ብቻ ቀርቷል። እዚህ ላይ ትንሽ ተጨነቀ። ጾመ። ጥቁርም ተፈቀደ።

ገዛው። ጥቂት ወራት ነዳው። ሞተሩ ማጨስ ጀመረ። ጠላት ነው። መካኒኩ «ዘይት ቀይረህ ታውቃለህ?» አለው። መካኒኩ ሥጋዊ ሰው ነው። መንገድ ላይ በቆመ ቁጥር «እግዚአብሔር እዚህ ያቆመኝ ለምክንያት ነው» እያለ የሚገፉለትን ሰዎች ያስተምራል። እነሱ እየገፉ፣ እሱ መሪ እንደያዘ። በመጨረሻ «ልቀቀው» የሚል ድምፅ መጣለት። ለጸሎት ባልንጀራው ሸጠው። እግዚአብሔር ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ለባልንጀራውም በዚያው ሰሞን «ግዛ» የሚል ድምፅ መጥቶለት ነበር። ስለ ሞተሩ ለምን እንዳልነገረው ቢጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንድናገር አልተመራሁም።»

ይቅርታ፣ መኪናው ይዞኝ ሄደ።

አንዳንዱ ግን አያስቅም። የታመመች ሴት አልጋ አጠገብ ቆሞ «ተፈውሰሻል ተብያለሁ፣ መድኃኒቱን ተዪው» የሚል ሰው አለ። ትተወዋለች። ይብስባታል። የምትሞትም አለች። ያ ሰው ታዲያ አይሰወርም። ቀብር ላይ ይገኛል፣ ያውም ከፊት። «እምነቷ ጎድሎ ነው» ይላል። ይህን ሰው በሽሙጥም አላመሰግነውም። እግዚአብሔር ያላለውን «ብሏል» ብሎ፣ ሳይሆን ሲቀር ጥፋቱን መልስ መስጠት በማትችል ሟች ላይ ያላከከ ሰው ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ነቢይ የተናገረው ካልሆነ እግዚአብሔር አልተናገረውም፣ በድፍረት ተናግሮታል ይላል። ድፍረቱን እንኳ ተዉት። ልጆቿ ፊት ቆሞ «ዋሽቼ ነበር» ለማለት የሚሆን ወኔ ግን አንድም ቀን አይኖረውም። እነዚያ ልጆች አድገው እግዚአብሔርን ቢሸሹ ማን ይጠየቃል?

እሺ፣ ወደ ምስጋናው።

የጥንት ሰዎች በዚህ ነገር ብዙ ተቸግረዋል። በኋላ የመነኮሳት አባት የተባለው እንጦንስ ገና ወጣት ሳለ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ «ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለው ወንጌል ሲነበብ ሰማ። ለእሱ የተነገረ ሆኖ ተሰማው። ወጥቶ ከወላጆቹ የወረሰውን መሬት ለቀቀ። ምስኪን! የተነበበው ለሌላ ሰው ነው ብሎ ዘወር ብሎ ቢያይ ኖሮ ከጀርባው ስንት ሀብታም ቆሞ ነበር። የእኛዎቹ ይህ ስህተት አይደርስባቸውም። ያ ወንጌል ሲነበብ በትክክል ለማን እንደተላከ ያውቃሉ፣ ያንን ሰው በክርናቸው ጎሸም ያደርጉታል።

ኤልያስም ኮሬብ ተራራ ላይ ነፋሱን፣ የምድር መናወጡን፣ እሳቱን አሳልፎ ነው «ትንሽ የዝምታ ድምፅ» የሰማው። የሰማውም ምስጋና አልነበረም። ጥያቄ ነበር፤ «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚል። ከዚያ በመጣህበት መንገድ ተመለስ ተባለ። ሥራ ተሰጠው ማለት ነው። ይህ ጥያቄ ለእኛ ወገኖች ቀርቦላቸው አያውቅም። አንዱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ በአንድ እጁ ስልክ በሌላው የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ይዞ፣ የሚሰማው ሁሉ «ልክ ነህ» ነው።

አንድ የበረሃ መነኩሴ ነበር ይባላል። ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ መጣና «ገብርኤል ነኝ፣ ወደ አንተ ተልኬ ነው» አለው። መነኩሴው «እስቲ አጣራ፣ ወደ ሌላ ሰው ተልከህ እንዳይሆን። እኔ መልአክ ሊላክልኝ የሚገባኝ አይደለሁም» ብሎ መለሰለት። እንግዳው ወዲያው ጠፋ። የእኛዎቹ ቤት ቢመጣ ኖሮ ገብርኤልን ይዘው ሰልፊ ይነሱ ነበር። ነገ ጠዋትም ለሁላችንም ይደርሰን ነበር፣ «ለአሥር ሰው አስተላልፍ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር።

እኔ መቼም ለክርክር አልቸኩልም። እግዚአብሔር ይናገራል፣ ይህን አምናለሁ። ምን ያህል ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባም ከወገኖቻችን ተምሬያለሁ፤ ስለ መኪና ቀለም ይናገራል፣ ስለ ጎረቤት ትዳር ይናገራል፣ ስለ አራተኛ ፎቅ ይናገራል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ስንት ሰው ገንዘቤን ተበድሮ እንደያዘ እግዚአብሔር ያውቃል። እስካሁን ግን «የተበደርኩትን እንድመልስልህ ጌታ ተናገረኝ» ብሎ የደወለልኝ አንድም የለም። ስልኬ ክፍት ነው።