የሰጪውን ስም ሳይሆን የወጪውን ደረሰኝ ለጥፉ

የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ዝርዝር ያውቀዋል። ከላይ «ለትምህርት ቤታችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ማልያና ኳስ መግዣ» ይላል። ቀጥሎ የባንክ ሒሳብና የቴሌብር ቁጥር አለ። ከዚያ «1. የእገሌ አባት 500፣ 2. የእገሊት እናት 1000» እያለ ይወርዳል። ተረኛው ዝርዝሩን ኮፒ ያደርግና ስሙን ከሥር ጨምሮ መልሶ ይለጥፈዋል። እስኪመሽ ግሩፑ በዚሁ ይሞላል።

ማሊያው ይገዛል፣ ልጆቹም ለብሰውት ፎቶ ይነሳሉ። ስንት ብር ገባ፣ በስንት ተገዛ፣ ስንት ተረፈ የሚለውን ግን የሚጽፍ የለም። በዓመቱ ሌላ ዝርዝር ይመጣና ስምንተኛው ስም ላይ ይቆማል። «ወላጁ ሰለቸ» ይባላል። እኔ እንደሚመስለኝ ወላጁ አልሰለቸም። የባለፈውን ስላልሰማ ነው።

መስጠትማ ቀላል ሆኗል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀምር፣ ኤምፔሳም በ2015 ሲከተል፣ ብር ለማዋጣት ወረፋ መያዝ ቀረ። በ2017 ለመቄዶንያ በዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ ስንቱ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደሰጠ አይተናል። ሰዉ እምነት ካደረበት እጁን አይሰበስብም።

እምነቱ ላይ ነው ችግሩ፤ በተለይ እኛ ዳር አገር። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ብዙዎቻችን ዕጣ ያሰባሰበን ሰዎች ነን፤ ተከራዩም ብዙ ነው። በድሮ ሠፈር የእድሩን ገንዘብ ያዥ ከነቤተሰቡ ታውቀዋለህ። እዚህ ከፎቅህ በላይ ያለውን ሰው ስም ላታውቅ ትችላለህ። የልጆቻችንን ቡድን የሚያውቅ ወላጅም ጥቂት ነው። ሥራው መሀል ከተማ የሆነ ሰው ሲመለስ መሽቷል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ሜዳው ጥቁር ጭቃ ነው፣ ማን ሄዶ ያያል? የሚያገናኘን ግሩፑ ብቻ ነው። ስለዚህ መተማመኑም እዚያው ግሩፕ ላይ መሠራት አለበት።

የስም ዝርዝሩ ግን ይህን አይሠራም። እንዲያውም ያበላሻል። አንዲት የማውቃት እናት ልብስ አጥባ ነው ልጇን የምታሳድገው። ሃምሳ ብር ላከችና «ስሜን አትጻፉት፣ ከሺው ሥር ሃምሳ ብሎ ማን ይለጠፋል» አለች። ልጇ የቡድኑ በረኛ ናት። እሷ እንኳ ላከች። ያልቻለው ደግሞ መልእክቱን ያነብና ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ቀስ ብሎ ከግሩፑ ይወጣል። ልጆች የወላጆቻቸውን ስልክ ይነካካሉ። የማን አባት ስም እንደሌለ ለማወቅ አይቸገሩም።

«ዝርዝሩ ሌላውን ያነሳሳል፣ ግልጽነትም ነው» የሚሉ አሉ። ማነሳሳቱን አልክድም፣ ይሉኝታ የማያስወጣው ብር የለም። ግልጽነቱ ላይ ግን አልስማማም። ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፤ በስልክ አፕ ተቀይሮ ይሠራል። ከንግድ ባንክ የተላከ ብር ኤፍቲ ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለው፣ ቴሌብርም የራሱን የግብይት ቁጥር ይሰጣል። ብሩ በርግጥ መግባቱን ለማወቅ ገንዘብ ያዡ ያንን ቁጥር ከሒሳቡ ጋር ያመሳክር። ግሩፑ ማየት ያለበት ጠቅላላ ድምሩንና ወጪውን ነው።

ወጪው ጋ ስንደርስ ትንሽ ይከብዳል። ስታዲየም ዙሪያ ወይም መርካቶ ማልያ ስትጠይቅ ነጋዴው ብዙ ጊዜ «በደረሰኝ ነው ወይስ ያለ ደረሰኝ?» ይልሃል። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል። መምህሩ ልጆቹን እያሰበ ርካሹን ቢመርጥ አይገርምም፤ በልዩነቱ ሌላ ኳስ ይገዛላ! እኔ ግን በደረሰኝ ይገዛ ባይ ነኝ። ሕጉም ይኸው ነው፤ ደግሞም አንድ ኳስ ቢቀርብን የሚቀጥለው ዓመት መዋጮ አይቀርብንም። ደረሰኝ የሌለው ነገርም አለ። ለግጥሚያ ሚኒባስ ኮንትራት ስትይዝ ሾፌሩ ደረሰኝ አይቆርጥም። ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ የተከፈለውን ብር በወረቀት ጽፎ ከሾፌሩ ጋር ሁለት ሰው ይፈርምበት፣ ፎቶው ይለጠፍ።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችንም የሚመለከት ነው። ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ አይከፍልም። እዚያ ያለ ሰው በስሙ ተቀብሎ ነው የሚልከው። ብሩ ሁለት እጅ ያልፋል ማለት ነው፤ የሁለቱም እጅ ሒሳብ ይታይ።

(ባዶ እግራቸውን የቆሙ ልጆችን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ የምትለቁ ደግሞ እባካችሁ ተዉት። ጎል ሲያገቡ ቅረጿቸው፣ እሱም ብር ያመጣል።)

አንድ የስፖርት መምህር ይህን ሳነሳበት «እኔ አሠልጣኝ እንጂ ሒሳብ ሹም ነኝ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ብሩ በሱ የግል ስልክ መግባቱ ራሱ ልክ አይደለም። ቢጎድል ተጠርጣሪው እሱ፣ ባይጎድልም የሚታማው እሱ። የወላጅ መምህር ኅብረቱ፣ ማለትም ወመህ፣ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይክፈት። ተቀባዩ ሌላ፣ ገዢው ሌላ ይሁን። ወመህ በዓመቱ መጀመሪያ ሲሰበሰብ የአምናው ማልያ ሒሳብ አጀንዳ ይያዝለት፤ አዲሱ የመዋጮ መልእክት ከዚያ በኋላ ይላክ።